የሚበቃው ድምፅ

ለተቀደሰ ድምፅ ምን ያህል ጉልበት ይገባዋል? ጥያቄው ለኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ የሚቀርብ ይመስላል፤ በሰሜን ወሎ ግን ከሁሉ በፊት የሃይማኖት ጥያቄ ነው። ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከስሪንቃ እስከ ውርጌሳ ባለው በዚህ አገር አዛኑና ቅዳሴው በአንድ አየር ላይ ይገናኛሉ፤ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን መገኘቱም ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። መንዙማውም መዝሙሩም ሳሎን ከገባ ቆይቷል፤ በሬዲዮ፣ በካሴት፣ ዛሬ ደግሞ በስልክና በብሉቱዝ ስፒከር። ድምፁ ቤት በገባ ቁጥር አንድ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ሳያስበው፣ እስከ የት ከፍ እንደሚያደርገው ይወስናል። ይህ ውሳኔ የምቾት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየቱን አልቀበልም። ለሰማነው ነገር ታማኝ መሆን አለመሆናችን የሚለይበት ውሳኔ ነው። አሮጌ ስፒከርን ከሚስማማው አምፕሊፋየር ጋር የማጣመር ሙያም ይህንኑ በቁጥር ያሳያል፤ ጥሩ ድምፅ የሚገኘው ሰጪው በተቀባዩ ልክ ሲሰጥ ነው እንጂ ያለውን ሁሉ ሲያፈስ አይደለም።

ቁጥሩን እንይ። ስፒከር የኤሌክትሪክ ጉልበትን ወደ አየር እንቅስቃሴ ይለውጣል፤ ከሚቀበለው ጉልበት አብዛኛው ግን በኮይሉ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በዛሬዎቹ የቤት ስፒከሮች ድምፅ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ስፒከር በትብነቱ ይለካል፤ አንድ ዋት ሲሰጠው በአንድ ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል ያሰማል ተብሎ። ሰው ከአጠገቡ ካለ ሰው ጋር በመደበኛ ድምፅ ሲጨዋወት 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። ቤቱ ውስጥ ሞቅ አድርጎ ለሚያደምጥ 75 ዴሲቤል እንስጠው። ትብነቱ 95 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር ይህን ድምፅ ለማሰማት የሚፈልገው የአንድ ዋት መቶኛ ነው። 84 ዴሲቤል የሆነው ትንሽ ሣጥን ደግሞ የአንድ ዋት ስምንተኛ ያህል ይፈልጋል። ከበሮው ሲመታ ወይም አዝማች ተቀባዮቹ በአንድ ጊዜ ሲያነሡ ድምፁ ከአማካዩ በ20 ዴሲቤል ሊዘል ይችላል፤ 20 ዴሲቤል ማለት መቶ እጥፍ ጉልበት ነው። በዚያች ቅጽበት የመጀመሪያው 1 ዋት፣ ሁለተኛው ከ12 ዋት በላይ ይጠይቃል። ከዚህ ያለፈው ሁሉ፣ በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚታተመው የዋት ቁጥር ጭምር፣ ለዚያ ቤት ጥቅም የለውም። ጆሮም ቢሆን ለጉልበት በቀላሉ አይገዛም፤ ዋቱን እጥፍ ብናደርገው የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ ሰሚው «እጥፍ ሆነ» የሚለው ግን 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨመር፣ ማለትም ጉልበቱ 10 እጥፍ ሲሆን ነው።

አሮጌዎቹ ስፒከሮች በጥቂት የሚረኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የምናውቀውን በኮይልና በማግኔት የሚሠራ ስፒከር ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ለሙያው ዓለም ያቀረቡት በ1925 እ.ኤ.አ. ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት አሠርት ዓመታት ጉልበት ውድ ነበር። በየቤቱ የነበረ የቫልቭ ሬዲዮግራም ከአንድ የድምፅ ቫልቭ የሚያገኘው 4 ወይም 5 ዋት ነበር፤ ስለዚህ ስፒከሩ ቀላል የወረቀት ሾጣጣ፣ ሰፊ የእንጨት ሣጥን፣ በትንሽ ግፊት የሚነሣ አካል ተሰጠው። በ1954 እ.ኤ.አ. ኤድጋር ቪልቹር ስፒከርን በትንሽና በጥብቅ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አስገብቶ ከዚያ በፊት ቁም ሣጥን የሚያህል ዕቃ የሚጠይቀውን ወፍራም ድምፅ አወጣ። ድንቅ ሥራ ነበር፤ ዋጋው ግን በትብነት ተከፈለ። አንቶን ሆፍማን የተባለው የዘመኑ መሐንዲስ ነገሩን በሕግ መልክ አስቀምጦታል። ጥልቅ ቤዝ፣ ትንሽ ሣጥንና ከፍተኛ ትብነት ሦስቱም በአንድ ስፒከር አይገኙም፤ ሁለቱን የመረጠ ሦስተኛውን ይለቃል። ከ1960ዎቹ ወዲህ ትራንዚስተር ጉልበትን አረከሰውና ዓለም ያለ ብዙ ክርክር ትብነትን ለቀቀ። ነገሩ ለእኔ ከቴክኒክ ታሪክ ያለፈ ትርጉም አለው። ጉልበት ሲረክስ «ምን ያህል ይበቃል?» የሚለው ጥያቄም አብሮ ተረሳ፤ መሣሪያው ራሱ ብዙ መጠየቅን ስለለመደ አድማጩም ብዙ መስጠትን እንደ ግዴታ ቆጠረው።

ይህን ሰምቶ አሮጌ ስፒከር ከትንሽ አምፕሊፋየር ጋር ብቻ ይሂድ የሚል ሰው ግን ግማሹን ብቻ ነው የተረዳው። ትንሽነት በራሱ ጽድቅ አይደለም። ከአቅሙ በላይ እንዲጮኽ የተገደደ ትንሽ አምፕሊፋየር የድምፁን ጫፍ ይቆርጣል፤ የተቆረጠው ድምፅ በላይኛው እርከን ብዙ ጉልበት ስለሚሸከም መጀመሪያ የሚቃጠለው ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ለስላሳው ስፒከር ነው። በደካማ አምፕሊፋየር የሚቃጠል ስፒከር ጥቂት አይደለም። ሌላው የኦም፣ ማለትም ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው ተቃውሞ፣ ጉዳይ ነው። ብዙ አሮጌ ስፒከሮች 16 ኦም ናቸው፤ የቫልቭ አምፕሊፋየር በውፅዓት ትራንስፎርመሩ ላይ ለ4፣ ለ8ና ለ16 ኦም የተለያየ መውጫ ስለነበረው እያንዳንዱን በልኩ ያስተናግድ ነበር። የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ለ16 ኦም ስፒከር ለ8 ኦም ከሚሰጠው ግማሽ ያህሉን ብቻ ይሰጣል፤ ጉዳት የለውም፣ ትብ ለሆነ ስፒከር ግማሹም ይተርፈዋል። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮችን ጎን ለጎን አያይዞ 4 ኦም ማድረግ፣ ከዚያም ሌላ ጥንድ መጨመር ግን አምፕሊፋየሩን በሙቀት ይገድለዋል። ከዚህ ሁሉ ረቂቁ ደግሞ መቆጣጠር ነው። የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ሾጣጣውን አጥብቆ ይይዛል፤ የቫልቭ አምፕሊፋየር ላላ አድርጎ። ላላ ብሎ እንዲያዝ ታስቦ የተሠራ አሮጌ ስፒከር በጠንካራ እጅ ሲገባ ቤዙ ደረቅና ስስ ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያው አልተበላሸም፣ ያልለመደው አያያዝ ነው የገጠመው። ጥሩ ጠጋኝ በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ጥቂት ኦም የሆነ ሬዚስተር በመስመሩ ላይ መጨመር ነው፤ ጉልበቱን ቀንሶ ድምፁን ይመልሰዋል። እንግዲህ ማጣመር ማለት አንዱ ወገን የሌላውን ጠባይ ማወቁ ነው፤ ማወቅ የሚገባው ደግሞ ጉልበቱን የያዘው ነው።

ሃይማኖቶቻችን ስለ ድምፅ ምን ያስተምራሉ? በመጽሐፈ ነገሥት በተጻፈው የኤልያስ ታሪክ እግዚአብሔር በብርቱው ነፋስም፣ በምድር መናወጡም፣ በእሳቱም ውስጥ አልነበረም፤ ነቢዩ ፊቱን የሸፈነው ከሁሉም በኋላ ለመጣው ለስስ ድምፅ ነው። በቁርኣን አል ኢስራእ ምዕራፍ 110ኛው አንቀጽ በሶላት ላይ ድምፅን ከልክ በላይ ማንሣትንም እጅግ ዝቅ ማድረግንም ከልክሎ በመካከል ያለውን መንገድ ያዛል፤ በሉቅማን ምዕራፍም አባት ለልጁ ከሚሰጠው ምክር አንዱ ድምፅን ዝቅ ማድረግ ነው። ኢማም አል ገዛሊ በኢሕያእ መጽሐፋቸው ስለ መንፈሳዊ ማድመጥ ሲጽፉ፣ ከቀደምት የሱፊ አበው ተቀብለው፣ ለማድመጥ ተገቢ ጊዜ፣ ተገቢ ቦታና ተገቢ ባልንጀሮች ያስፈልጋሉ ይላሉ። ሦስቱም ስለ ሰሚው ሁኔታ የተነገሩ ናቸው፤ ስለ ድምፁ ጉልበት አንድም ቃል የለባቸውም። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ደግሞ ቅዱስ ያሬድ በአክሱም በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የጦሩን ጫፍ በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ዜማው እስኪፈጸም ወጊውም ተወጊውም አላወቁም። ታሪኩ በወገኖቻችን ዘንድ የዜማውን ኃይል ለማሳየት ይነገራል። ኃይሉ የት እንደነበረ ግን ልብ ይሏል፤ የአንድ ሰው ጉሮሮ ነበር፣ ማጉያ አልነበረውም፣ ሰሚው ግን ሁለንተናውን ሰጥቶ ነበር። ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው ከዜማ የሚገኘው ደስታ ከቃሉ ይልቅ ነፍሱን እየሳበ እንዳስጨነቀው ጽፏል፤ ዜማን ግን ለመተው አልደፈረም፣ በልክ እንዲሆን ብቻ ፈለገ። ከሁሉም አቅጣጫ የመጣው ምስክርነት አንድ ነገር ላይ ይገናኛል፤ ድምፅ ወደ እግዚአብሔር የሚያደርሰው የሰሚውን ቦታ ሳይወስድ ሲቀር ነው።

ይህ ትምህርት በቤታችን ከምንሰማው ድምፅ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ለማየት ማኅሌቱን እንውሰድ። ማኅሌት በአንድ ደረጃ የሚጮኽ ነገር አይደለም። በቁም ዜማ ይጀመራል፤ ያን ጊዜ ከበሮም ጸናጽልም የለም፣ ዜማው ራቁቱን ይቆማል። ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው እየተወዘወዘ ዜማው አካል ያገኛል፤ በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ በጽፋት እጅና እግር ይፈጥናል። መንዙማም እንዲሁ ነው። መሪው ብቻውን ያወጣል፣ ጀማው አዝማቹን ይቀበላል፤ ድቤው ቀስ ብሎ ገብቶ ሐድራው፣ ማለትም ጉባኤው፣ እየሞቀ ሲሄድ ያይላል። የሁለቱም ትርጉም ከዝቅታ ወደ ከፍታ በሚደረገው ጉዞ ላይ ነው። እንግዲህ ገና ከመጀመሪያው በመጨረሻ ጉልበቱ ላይ የተቀመጠ መሣሪያ ጽፋቱ ሲደርስ የሚሄድበት የለውም። ቁም ዜማውንና ጽፋቱን እኩል ያጮኻቸዋል፤ የመሪውን ትንፋሽና የጀማውን ምላሽ በአንድ ቁመት ያቆማቸዋል። ሰሚው ሁሉንም ቃል ሰምቶ ይሆናል፤ መንገዱን ግን አልሄደም። ቀደም ብዬ ያነሣሁት የከበሮው መቶ እጥፍ ጉልበት መቆጠብ ያለበት ለዚህ ነው። የአምፕሊፋየሩ ትርፍ ዋት ቦታው እዚህ ነው፤ ሳይነካ መቀመጥና በሚፈለግበት ቅጽበት ብቻ መነሣት። ትብ ስፒከር ከመጠነኛ አምፕሊፋየር ጋር ሲገናኝ ይህን ያለ ጭንቀት ያደርገዋል፤ አማካዩ በመቶኛ ዋት ሲጓዝ ከበላዩ ሰፊ ባዶ ቦታ አለና።

በገና ደግሞ ሌላ ፈተና ያመጣል። አሥር አውታር ያለው ይህ መሣሪያ በተለይ በዐቢይ ጾም የሚደረደር የጸሎት መሣሪያ ነው። የሚርገበገበው ድምፁ የሚመጣው በአውታሩና በመቀመጫው መካከል ከሚገባው እንዚራ ከሚባለው ቁራጭ ቆዳ ነው። ከሥር ያለው ዋናው ድምፅ ወፍራም ነው፤ ከላይ ያለው እርግብግቢት በብዙ ቀጫጭን ድምፆች የተሞላ ነው። የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ሙሉ በሙሉ ይጥለዋል፤ አእምሮ የጎደለውን ከቀሪዎቹ ገምቶ ዜማውን ይከተላል፣ የመሣሪያው አካል ግን የለም። ድምፁን ከፍ ብናደርገው የሚጨመረው እርግብግቢቱ ብቻ ስለሆነ ጆሮን ይቆረቁራል። ሰፊ የወረቀት ሾጣጣ ያለው አሮጌ ስፒከር ግን በጨዋታ ድምፅ ከፍታ ላይ ሁለቱንም ያሰማል። አለሙ አጋ በዓለም መድረክ ያስተዋወቁት የበገና ድርደራ በባሕርዩ ዝግ ያለ ነው፤ ደርዳሪው ለራሱና ለፈጣሪው የሚለው ነው። እሱን በሠርግ ድንኳን ጉልበት ማሰማት መሣሪያውን ወደማያውቀው ቦታ መውሰድ ነው።

ከዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይነሣል። የእምነት ድምፅ እኮ ጥሪ ነው፤ አዛን ሩቅ ላለው ሊደርስ ይገባዋል፣ የቤተ ክርስቲያን ደወልም ለሰፈሩ ብቻ አይደለም የተሰቀለው፤ ቢላል ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ ነበር የጠራው። ይህን ሳላቅማማ እቀበላለሁ። በሚናራው ላይ የሚሰቀለው የጥሩምባ ቅርጽ ያለው ስፒከር ለዚህ ሥራ በደንብ የተጣመረ መሣሪያ ነው፤ በ100 ቮልት መስመር ከአንድ አምፕሊፋየር ብዙዎቹን ማስነሣት ይቻላል፣ እያንዳንዱ በትራንስፎርመሩ ላይ የተመደበለትን ዋት ብቻ ይወስዳል፣ የሁሉም ድምር ከአምፕሊፋየሩ አቅም እስካላለፈ ድረስ ሥርዓቱ ይጸናል። ጥሩምባው መካከለኛውን ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው፤ የሰው ቃል የሚለይበት ደግሞ እዚያ ላይ ነው፤ ድቤውንና ከበሮውን አያውቃቸውም። ጥሪና ማድመጥ ግን ሁለት ሥራ ናቸው። ጥሪ አጭር ነው፣ ለሌላው ነው፣ ሰሚው ተነሥቶ እንዲሄድ ነው። ማድመጥ ረጅም ነው፣ ከሄደ በኋላ የሚሆን ነው። ሞንታርቦውን፣ ያን የአደባባይ ትልቅ ስፒከር፣ ሳሎን አስገብቶ፣ ወይም ሳሎኑን በመስኮት ወደ መንገድ አውጥቶ፣ ጥሪውን ሌሊቱን ሙሉ ማስረዘም የሁለቱን ድንበር ማፍረስ ነው። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር የሚፈቅደው በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ ከአዋጅ ቁጥር 300/1995 ጋር የሚሄድ ደንብ ነው። ወሎ ላይ ግን ከሕጉ ይልቅ የሚከብደው ጉርብትናው ይመስለኛል። ግድግዳው ጭቃና እንጨት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ጨርቅ በሆነበት ቤት የአንዱ መንዙማ ወደ ሌላው ሳሎን፣ የአንዱ መዝሙር ወደ ሌላው መኝታ ቤት ይገባል። ጎረቤት ዝም የሚለው አክብሮ ነው፤ ዝምታውን እንደ ፈቃድ መቁጠር ትዕግሥቱን መበደር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሊቃውንቱና ከሼኾቹ ወገን ነው፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ የማከብረው እሱን ነው። የተቀዳ ድምፅ አምልኮ አይደለም ይላሉ። ማኅሌት መቆምን፣ ሌሊቱን መትጋትን፣ ከማኅበሩ ጋር መተንፈስን ይጠይቃል። በየጁ ምድር በሀብሩ ያለውን የዳናን የመሰለ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የታወቀ የእስልምና ትምህርት ማዕከል የሚሄድ ሰው ለድምፅ ብቻ አይሄድም፤ ለዱዓው፣ ለበረከቱ፣ ለአብሮነቱ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሁሴን አሕመድ በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣው ስለ ወሎ እስልምና በጻፉት መጽሐፍ እንዳሳዩት እነዚህ ማዕከላት የተገነቡት በሼኽና በደረሳ ግንኙነት፣ በዝያራ፣ በመኖር ላይ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከዚህ እውነት የሚከተለው መደምደሚያ ግን ቤት ውስጥ ማድመጥን ማውገዝ አይመስለኝም። ካሴቱ በቦታው መገኘትን ሊተካ የማይችል ከሆነ፣ ሊያስመስልም አይገባውም። ሳሎኑን መስጊድ ወይም ቅኔ ማኅሌት ለማስመሰል የሚደረግ ጥረት ሁሉ፣ ማለትም የሚያስተጋባው ማሽን፣ ደረት የሚመታው ቤዝ፣ ግድግዳ የሚያናውጠው ጩኸት፣ ያልሆነውን ነው የሚናገረው። በጨዋታ ድምፅ ከፍታ የሚሰማ ቅጂ ግን ራሱን አይደብቅም። መታሰቢያ ነው፤ ትምህርትም ነው፤ ደካማና አልጋ ላይ ላለ ሰው ደግሞ የጉባኤው ደብዳቤ ነው። የሊቃውንቱ ተቃውሞ እንግዲህ በትንሽ ጉልበት ማድመጥን አያፈርስም፤ እንዲያውም ምክንያቱን ይሰጠዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ይህ የናፍቆት ወሬ ነው፣ አዲሱ መሣሪያ ይሻላል» የሚል ነው። በአንዳንድ ነገር ይሻላል፤ አልክድም። የአሮጌ ስፒከር የአረፋ ጠርዝ ከ15 እስከ 25 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈረፈራል፤ የጨርቅ ጠርዝ ያላቸው ግን ዕድሜ ይጠግባሉ። በአሮጌ አምፕሊፋየር ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ይደርቃሉ፤ የቫልቭ መሣሪያ በውስጡ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ይዞ ይቆያል፤ ከአሜሪካ የመጣ ባለ 110 ቮልት ዕቃ በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ከተሰካ በቅጽበት አለቀለት። አሮጌ ሁሉ ጥሩ ነው የሚል ሰው ጆሮውን አልጠየቀም። ነገር ግን እኔ የቆምኩለት ዕድሜ አይደለም፣ ትብነት ነው። የዘመናችን ጥቃቅን ዲጂታል አምፕሊፋየሮች፣ መዳፍ ላይ የሚያርፉት ባለ 10 ዋት ሰሌዳዎች፣ ዝምታቸው ንጹሕ ነው፤ ሙቀታቸውም ኢምንት ነው። ለአንድ አሮጌ ስፒከር ከእነሱ የተሻለ ጓደኛ የቀድሞው ዘመን እንኳ በዚያ ዋጋ አልሰጠውም። የታላቁ የኤሌክትሮስታቲክ ስፒከር ሠሪ ፒተር ዎከር ከአምፕሊፋየር የሚጠብቀው የተሰጠውን ከማሳደግ በቀር ከራሱ ምንም እንዳይጨምር ነበር። ዛሬ ይህ በርካሽ ተገኝቷል። የጎደለን በዚያ አገልጋይ ጥቂት ጉልበት የሚረካ ስፒከር ነው፤ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለው በአሮጌው ሣጥን ውስጥ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ይበልጥ ያማል። ወልድያና መርሳ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ በጦርነቱ ሲያልፉ መብራቱ ተቋርጦ፣ ቤት ንብረቱ ተዘርፎ ነበር። ከዚያም በኋላ ሰላም በቅጡ አልተመለሰም። እንዲህ ባለ አገር ስለ ስፒከርና ስለ አምፕሊፋየር ልክ መነጋገር ቅንጦት አይደለም ወይ? ቅንጦት የሚሆነው ጉዳዩ የዕቃ ፍቅር ቢሆን ነበር። ችግር ባለበት ቤት ግን መጠን የቅንጦት ተቃራኒ ነው። የተበላሸ ሬዲዮግራም ሣጥን ውስጥ የቀረ ስፒከር ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ጠጋኙ በመልቲሜትር ኦሙን ለክቶ፣ በአንድ ተኩል ቮልት ባትሪ ድንጋይ ነካ አድርጎ ሾጣጣው ሳይፋተግ መነሣቱን ያያል። በሶላር የሚሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ በአንዲት ትንሽ ዲጂታል አምፕሊፋየር በኩል ለ16 ኦም ስፒከር ቢበዛ 4 ዋት ተኩል ይሰጠዋል፤ 95 ዴሲቤል ትብነት ላለው ስፒከር ይህ ከ100 ዴሲቤል በላይ ነው፣ ለአንድ ክፍል ከበቂ በላይ። አማካይ ፍጆታው ከመቶኛ ዋት ስለማይርቅ ባትሪውን የሚበላው ከድምፁ ይልቅ አምፕሊፋየሩ በርቶ መቆየቱ ነው፤ 7 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ ይዘልቃል። ትብነቱ 84 የሆነው ሣጥን በዚያው ባትሪ ላይ ከበሮው ሲደርስ ይቆርጣል። የመብራት መስመር ባልደረሰበት የሀብሩ ገጠር ይህ ልዩነት የመስማትና ያለመስማት ልዩነት ነው። የድምፁ መጠን የት ላይ መቆም እንዳለበት ለማወቅም መሣሪያ አያስፈልግም። የመሪው ቃልና የተቀባዩ ምላሽ ተለይተው እስኪሰሙ ድረስ ከፍ ይደረጋል፤ ከዚያ አንድ ሰው በሩን ዘግቶ ጎረቤት ግቢ ይቆማል፤ ቃሉ እዚያ ከተለየ ዝቅ ይደረጋል። በወልድያ የሁዳዴ በገና የሚሰማው ቤትና አጠገቡ በረመዳን ሌሊት ለሱሑር የሚነሣው ቤት ይህን ልኬት ለመነጋገር የሚያስፈልጋቸው አንድ ምሽት ነው፤ ጾሞቹ በአንድ ወቅት የገጠሙ ዓመት ደግሞ ቀድመው ቢነጋገሩ ይሻላል።